ነፋስ የበላው «ብኝ»

ቡሬ ውስጥ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ፣ የሰው ጭንቀት የምታዳምጥ ባለሙያ አለች። የምኖረውም የማስተምረውም ፍኖተ ሰላም ሆኖ ሳለ ቡሬ ድረስ የሄድሁት ሰው እንዳያየኝ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጥርስ ሐኪም ዘንድ የገባ ሰው እንኳ እስኪወጣ ድረስ የትኛው ጥርሱ እንደሆነ ገበያው ያውቃል። የጭንቅላት ሲሆንማ አስቡት። ታዲያ ቡሬ መናኸሪያ ከሚኒባሱ ስወርድ መጀመሪያ ያገኘሁት ሰው የቀድሞ ተማሪዬ ነበር፤ ባጃጅ ነጂ ሆኗል። «ቲቸር! ወዴት ላድርስዎት?» አለኝ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ። ጥርሴን እንዳመመኝ ነገርሁት።

ባለሙያዋ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። አነጋገሯ የአዲስ አበባ ነው፤ «ስሜት» የምትለዋን ቃል በየንግግሯ እንደ ጨው ጣል ታደርጋታለች። «አሁን ምን ይሰማሻል?» ስትለኝ «ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ወጣ» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። በእኛ ቤት ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን ሲጠየቅ ስለ ዝናብ ነው የሚናገረው፤ እሷ ይህን ገና አላወቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው አለ። እዚያው ቡሬ የበቆሎ ዘር የሚመረምር፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ከአፉ በፊት ትከሻው የሚስቅ ሰው። እወደዋለሁ። ይህን ሰው ለማግኘት ብዬ የማያስፈልገኝን ሽንኩርት ከቡሬ ገበያ ስገዛ የኖርሁ ሴት ነኝ። ታዲያ አንድ ቅዳሜ «ሽማግሌ ወደ አባትሽ ልላክ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ዝም አልሁ። እሺም አላልሁ፣ እምቢም አላልሁ። ሻንጣዬን ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ሲደውል ስልኩ እጄ ላይ ሲንዘፈዘፍ አየዋለሁ እንጂ አላነሣም። በመጨረሻ መልእክት ላከ። መሥሪያ ቤቱ ወደ አርባ ምንጭ ሊያዛውረው ነው፤ እስከ ዓርብ ድረስ ይፈርማል ወይም አይፈርምም። «‹ቅር› ካልሽኝ እዚሁ እቀራለሁ። ዝም ካልሽ ግን ዝምታሽን እንደ መልስ እወስደዋለሁ» ይላል። ይህን ሁሉ የነገርኋት ባለሙያዋ ቀኑ ማክሰኞ መሆኑን ግድግዳው ላይ አየችና ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ለምን ዝም እንዳልሽ ያውቃል?» አለችኝ።

«አያውቅም።»

«አንቺስ?»

እኔም አላውቅም ነበር። ይህን በመናገር ፈንታ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ሥዕል አደነቅሁላት።

አንድ ሰፊ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የቤተሰብሽን ካርታ እንሥራ» አለች። ካርታ! እኔ እኮ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ፤ እርሳሱን ከእጇ ወሰድሁባት። ወንድ ካሬ ነው፣ ሴት ክብ ናት፣ የሞተ ሰው ላይ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። የሚዋደዱ በድርብ መስመር ይያያዛሉ፣ የሚጣሉ በተጠማዘዘ መስመር፣ የተቆራረጡ በተቆረጠ መስመር። ልጆች የሚወርሱት መሬትና የፊት ቅርጽ ብቻ አይደለም፤ አኩራረፍም ይወረሳል አለችኝ። የካርታው መፍቻ ከታች በቀኝ በኩል መሆን እንዳለበት አረምኋት፤ በትዕግሥት ተቀበለችኝ።

አያቴንና ወንድማቸውን ሁለት ካሬ አድርጌ ሣልሁ። «በመካከላቸው ምን መስመር ይሁን? ተጣልተው ነበር?» አለች።

«ኧረ አልተጣሉም። ብቻ አይነጋገሩም ነበር።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«እስኪሞቱ።»

እርሳስ ስላልነበራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ታዲያ እንዴት ይግባቡ ነበር?»

«በውሻ» አልኋት።

እዚህ ላይ ማስረዳት ነበረብኝ። በእኛ አገር የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፤ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። አያቴና ወንድማቸው በማሳ ወሰን ሲቀያየሙ አያቴ አንድ ቡችላ አመጡና «ያየ ይፍረድ» አሏት። ማታ ማታ ከጉብታው ላይ ሆነው «ያየ ይፍረድ! ነይ ያየ ይፍረድ!» እያሉ ይጣራሉ። ወንድማቸው ደግሞ ከማዶ ሰሙና እሳቸውም ቡችላ ገዝተው «ማን አይቶ» አሉት። እንግዲህ ጀንበር ባዘቀዘቀች ቁጥር ከዚህ ጉብታ «ያየ ይፍረድ!» ሲባል ከዚያኛው «ማን አይቶ!» ይባላል። አገሩ በዚህ ሲስቅ ኖረ። ውሾቹ ግን እርስ በርስ ተዋደው ቡችሎቻቸው በሁለቱም ማዶ ሞሉ። ከሁለቱ ቤት የታረቀው ውሻ ብቻ ነው።

ይህን እያወራሁ ለውሾቹም ምልክት አድርጌላቸው ነበር፤ ከየካሬው ጎን ትንሽ ሦስት ማዕዘን። የአያቴ እናት «ነግሬ ነበር» የምትባል ውሻ ነበረቻቸው፣ እሷንም አስገባሁ። ባለሙያዋ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ አየችና ግራ ተጋባች። ሦስት ማዕዘን ለካ የእርግዝና ምልክት ነው። በእኔ ካርታ ላይ አያቴና ወንድማቸው ሁለቱም ነፍሰ ጡር ሆነዋል። ከተዋወቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን፤ እንባዋን እየጠረገች ለውሾቹ ሌላ ምልክት ፈለገችልኝ።

ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ «በአንቺና በአባትሽ መካከልስ ምን መስመር እናድርግ?» አለች።

«በስልክ እናወራለን። ስለ ዝናብ።»

«አባትሽ ውሻ አላቸው?»

«አላቸው።»

«ስሟ ማን ነው?»

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አጋደምሁ። «ቀረች» አልሁ።

ይህን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእናቴ ተዝካር በኋላ በነበረው ትንሣኤ ነው። እናቴ የቤታችን አስተርጓሚ ነበረች። አባቴ አንድ ነገር ሲፈልጉ «ለልጅቱ ንገሪያት» ይላሉ፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ «ለአባየ ንገሪልኝ» እላለሁ፤ እሷ መሃል ላይ ሆና ክፉውን እያስቀረች ደጉን ታሻግራለች። እሷ ስትሞት እኔና አባቴ አስተርጓሚ እንደሌላቸው የሁለት አገር ሰዎች ፊት ለፊት ቀረን። እኔ ፍኖተ ሰላም ሥራ አገኘሁና ሄድሁ። ለትንሣኤ ስመለስ ታዲያ አባቴ ጉብታው ላይ ቆመው «ቀረች! ነይ ቀረች!» እያሉ አዲሷን ውሻ ይጣራሉ። ልጃገረድ ዕድሜዋ ገፍቶ ሳታገባ ስትቀር በእኛ አገር የሚባለው ይኸው ነው፤ ቆማ ቀረች። አባቴ ይህን በየማታው ለአገር ያውጃሉ። በበነጋው ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ፤ ከዚያ ወዲህ አገሬን ያየሁት ከመስኮት ነው። እሳቸው በሰው ማር ይልኩልኛል፣ እኔም ስኳርና የወገብ መድኃኒት እልካለሁ።

«ለምን እንዲህ ብለው እንደሰየሟት ጠይቀሻቸዋል?» አለች ባለሙያዋ።

ሳቄ መጣ። «የውሻ ስም ይጠየቃል እንዴ? ይገባል እንጂ!»

አልሳቀችም። ወረቀቱን ጠቅልላ ሰጠችኝና «ሂጂና ጠይቂ። ያላወቅሻቸውን መስመሮች ሞልተሽ ዓርብ ከቀትር በኋላ ነይ» አለች። ዓርብ የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጋ ነው የተናገረቻት።

አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት የኖረው መንገድ በዚያ ሳምንት ክፍት ነበር፤ ረቡዕ በጠዋት ተሳፈርሁ። መንገዱ ክፍት ሲሆን ሰው ሁሉ ያልሄደበትን ሁሉ ስለሚሄድ ሚኒባሱ ውስጥ የእኔ ጭን ላይ አንድ የማላውቀው ሕፃንና አንድ ዶሮ ነበሩ። ከአስፋልቱ ወርጄ በእግር ስገባ ኅዳር ነውና በቆሎው ተሰብስቦ በየደጁ ተከምሯል። አባቴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። አጠገባቸው ታላቅ እህታቸው፣ አክስቴ፣ አሉ። አክስቴ የሚኖሩት ከአባቴ ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ የሳቸው ውሻ «ምን አገባኝ» ትባላለች፤ በቀበሌው ውስጥ የማያገባቸው ነገር የሌለ ሴት ናቸው።

አክስቴ አገላብጠው ሳሙኝ። አባቴም ሳሙኝና «ዝናቡ ቶሎ ወጣ» አሉ። «እኛም ዘንድ ቶሎ ወጣ» አልሁ። ከዚያ ሦስታችንም በቆሎ መፈልፈል ያዝን። ጥቂት እንደፈለፈልን ወረቀቴን አውጥቼ ዘረጋሁና «አባየ፣ ዘር ልቆጥር ነበር የመጣሁት። ይርዱኝ» አልሁ።

የአባቴ እጅ በቆሎው ላይ ቆመ። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

በጎጃም ምድር ያላገባች ሴት በድንገት መጥታ ዘር ልቁጠር ካለች ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ከማግባት በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሙሽራውና ሙሽራዋ የሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ። እኔ ጅሏ ይህን ያስታወስሁት አክስቴ «ተመስገን!» ብለው ከተነሡ በኋላ ነው።

«አይደለም፣ አክስቴ! ለሕክምና ነው!»

«ሐኪም ነው!» አሉ አክስቴ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት። «ሐኪም ነው አሉ ሰውየው!»

«ሰውየው ሐኪም አይደለም! ዘር ነው የሚመረምረው!» አልሁ ተናድጄ። አፌን የያዝሁት ካመለጠኝ በኋላ ነው። ለካ ሰው መኖሩን ራሴ ተናገርሁ።

አባቴ እንደ ዳኛ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ የእኛን ይመርምር፣ እኛም የሱን።»

«የበቆሎ ዘር ነው፣ አባየ!»

«ይሁና። በቆሎ ላይ የተጠነቀቀ ሰው፣ ሰው ላይማ እንዴት ይሆን!» አሉና እጃቸውን አራግፈው መቁጠር ጀመሩ። ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከቅድመ አያት ወደ ምንጅላት፣ ሳይደነቃቀፉ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው። እኔ ካሬና ክብ ለመሣል አልደርስባቸውም ነበር። ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ወረቀቱ አለቀና አክስቴ የስኳር ከረጢት ቀደው አመጡልኝ።

አሁን የባለሙያዋን ጥያቄዎች ማንሣት ነበረብኝ። «አባየ፣ ቅድመ አያቴ ሲናደዱ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ያርሱ ነበር።»

«ሲያዝኑስ?»

«ያርሱ ነበር።»

«ደስ ሲላቸውስ?»

አባቴ ትንሽ አሰቡ። «ያን ቀን እያንጎራጎሩ ያርሱ ነበር።»

በዚህ አኳኋን አመሸን ማለት ይቻላል። ስለ ሰዎቹ ልብ የማይገኘውን አክስቴ ከውሾቹ በኩል ሞሉልኝ። እሳቸው የሰባት ቤት ሰው አይቁጠሩ እንጂ የሰባት ቤት ውሻ ያውቃሉ። «ይቺ» አሉ አንዲቱን ክብ በጣታቸው እየነኩ፣ «ባሏ ሲገላምጣት ‹አንድ ቀን› አለች ውሻዋን። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ስትል አርጅታ ሞተች፣ ውሻዋም፣ እሷም።» እያንዳንዷን ስም ስጽፍ አንድ ነገር እየገባኝ መጣ። በዚህ ወረቀት ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚሉት ነበራቸው። አንዳቸውም ግን ወደሚመለከተው ሰው ፊቱን አዙሮ አልተናገረም። እኔም ከዚህ ቤት ነኝ፤ ለዚያውም ውሻ የሌለኝ።

ከብቶች በሚገቡበት ሰዓት አባቴ ዱላቸውን ይዘው ወደ ጉብታው ወጡ። እኔና አክስቴ ጌሾ ስንለቅም ነበር፤ እኔ እንቢ ብልም አክስቴ ለሠርጉ ጠላ ማሰብ ጀምረዋል። ከጉብታው ላይ «ቀረች! ነይ ቀረች!» የሚል ድምፅ መጣ። የያዝሁትን ጌሾ ወርውሬ ልነሣ አልሁ። ከዚያ የባለሙያዋ ፊት መጣብኝ፤ ሳትስቅ ያየችኝ።

«አክስቴ» አልሁ፣ «የአባየ ውሻ ስም ለማን ነው የወጣ?»

«ለአንች ነዋ! ለማን ሊሆን ኑሯል?»

«አውቃለሁ» አልሁ። «ቆማ ቀረች ለማለት ነው። በገዛ ልጃቸው አገር ያስቃሉ።»

አክስቴ ጌሾውን አስቀመጡ። አፋቸውን ከፍተው ትንሽ አዩኝና «ምን ትያለሽ፣ አንች ልጅ? ስሟ እኮ ‹ቀረችብኝ› ነው» አሉ።

«ምን?»

«ቀረችብኝ። አንች ለከተማ የሄድሽ ጊዜ ነው ያመጧት። እስከ ትንሣኤ ድረስ ሳትመጭ ቆየሽ። ‹ልጀ ቀረችብኝ› ይሉ ነበር በየቀኑ፣ ኋላ ቡችላይቱም ለመደችው፣ በዚያው ስሟ ሆነ። በጩኸት ሲጠሩ ‹ብኝ› የምትለዋን ነፋስ ይበላታል። አጠገብሽ ሆነው ሲያበሏት ሰምተሽ አታውቂም?»

አጠገባቸው ሆኜ መች አውቃለሁ! «ቀረች» ብቻውን ስድብ ነው። «ቀረችብኝ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጠበቅኋት፣ አልመጣችም፣ ጎደለችብኝ ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ፊደላት ነበር ይህን ሁሉ ዘመን የተቀየምሁት። አፈርሁ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ፤ ሦስቱም ባንድ ላይ ስለመጡብኝ አክስቴ ጌሾው ዓይኔ ውስጥ የገባ መሰላቸውና ውሃ አመጡ።

ተነሥቼ ወደ ጉብታው ወጣሁ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይጣራሉ። ቀርቤ ስለሰማሁት አሁን ሙሉው ይሰማል፤ «ብኝ» የምትለዋ መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ፣ ለራሳቸው ብቻ እንደምትባል ሆና ትወጣለች።

«ቀረችብኝ!»

«አቤት» አልሁ።

አባቴ ዞር አሉ። ውሻይቱም ከታች እየሮጠች ደርሳ ኑሮ በመካከላችን ቆመች፤ የተጠራችው እሷ ትሁን እኔ ግራ ገብቷት ጅራቷን ትቆላለች። አባቴ ስለ ዝናብ ሊናገሩ ሰማዩን አየት አደረጉ፤ ዝናቡ ግን ከወጣ ቆይቷል፣ የሚባል ነገር አልነበረም።

«አባየ፣ እኔ እኮ ስድብ መስሎኝ ነበር።»

«አንችን?» አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ስለነበር ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። አብረን ከብቶቹን ነድተን ወረድን። በሩ ላይ ስንደርስ ወደ ውሻይቱ ጎንበስ ብለው «የዘር መርማሪው ሽማግሌ መቼ እንደሚልክ እስቲ ጠይቂልኝ» አሏት። ደግሞ ቀና አሉና በቀጥታ ወደ እኔ ዞሩ። «መቼ ነው የሚልክ?» አሉ።

በማግሥቱ ሐሙስ ነው፤ አክስቴ በግድ አዋሉኝ። ዓርብ በጠዋት፣ ወደ አስፋልቱ ከመውረዴ በፊት፣ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጣሁ። ኔትወርኩ አንዲት መልእክት ብቻ የምታሳልፍ ዓይነት ነበር፣ ለጥሪ አይበቃም። ስለ አባቴ፣ ስለ ውሾቹ፣ በልቤ ስላለው ፍርሃት ረጅም ጽሑፍ ጻፍሁለት፤ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍሁ፤ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ የአባቴን ቃል ወሰድሁና ወደ ልመና ቀየርኋት፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ «አትቅርብኝ»። ከእኔ አትጉደል፣ ሂደህ አትቅር ማለቴ ነው። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ ቆንጆው ይህ ነው ብዬ እየተኩራራሁ ላክሁት።

መልሱ የደረሰኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው። «እሺ። ገብቶኛል» ይላል።

እንዴት ያለ የቀዘቀዘ መልስ ነው ብዬ ቅር አለኝ። ልማዴ ነውና ላኮርፍ ተዘጋጀሁ፤ ወደ መስኮቱ ዞሬ ዝምታዬን አስተካከልሁ። ከዚያ የራሴን መልእክት ለማየት ወደ ላይ ገፋ አደረግሁት። ስልኬ ቃል ካልጨረስሁ እሱ ገምቶ የሚጨርስ ዓይነት ነው። ለዚያ ሰው የላከለት «አትቅረበኝ» ብሎ ነው። አጠገቤ እንዳትደርስ!

ጮኽሁ መሰለኝ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» አለ። ደወልሁ፤ ጥሪው አይገባም። መልእክት ጻፍሁ፤ ቀዩ ምልክት ወጣበት፣ አልሄደም። እንግዲህ የአባቴን ውሻ ስም ነፋስ በላው፣ የእኔ ዘመናዊ ውሻ፣ ስልኬ፣ ደግሞ የፈለገውን ጮኸ። የቀረኝ አፌ ብቻ ነው።

ቡሬ እንደወረድሁ ያው ተማሪዬ ባጃጁን አስጠግቶ ቆሟል። «ቲቸር፣ ጥርሱ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልሁ። «ወደ ዘር መጋዘኑ ውሰደኝ። ቶሎ!»

የባለሙያዋ ቀጠሮም በዚያው ሰዓት ነበር፤ ክሊኒኳን በባጃጅ አልፌያት ስሄድ ወረቀቱና የስኳር ከረጢቱ ብብቴ ሥር ነበሩ። የመጋዘኑ በር ላይ ጥበቃው ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝና ሰው ላኩ። ግቢው ውስጥ ጄኔሬተርና የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ባንድ ላይ ያጓራሉ። ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ ልብሱም ቅንድቡም የበቆሎ ብናኝ ነው። አየኝና ከጄኔሬተሩ ወዲያ ቆመ፣ አልቀረበኝም። እሺ ያለ ሰው ነው፣ ያሉትን ይፈጽማል።

«አትቅርብኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

ጩኸቱ የ«ብኝ»ን ጭራ እንደገና በላብኝ፤ ማዶ የደረሰው «አትቅረብ» ነው። ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«አይደለም! አትቅርብኝ!» ሌላ እርምጃ ሄደ። ጥበቃው ጣልቃ ገቡ፤ «እህት፣ ሰውየው መች ቀረበሽ!» አሉኝ።

በእኛ ቤት ሰባት ትውልድ ከጉብታ ወደ ጉብታ ሲጣራ እንደኖረ አሁን ወረቀቱን ሳላይ አየሁት። ሁሉም ይጮሃል፣ ማንም አይሄድም። እኔ ግን ሄድሁ። በጥበቃው ጎን አልፌ፣ በኬሻዎቹ መሃል፣ በጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሄድሁ። ፊቱ ቆሜ ስለ ዝናብ ልናገር አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት።

እሱ ቀደመኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አልገባኝም» አለ። «ልቅረብ ወይስ ልቅር?»

«ቅረብ» አልሁ። «አትቅር። ፈርቼ ነበር ዝም ያልሁት። አርባ ምንጭ አትሂድብኝ።» አፌ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የሚዘጋ አልሆነም። «ሽማግሌም ላክ፤ ጠላው ሊጠነሰስ ነው፣ አባቴ ሰባት ቤት ቆጥረው ጨርሰዋል።»

ዓይኑን ከመሬት አነሣ። ትከሻው መሳቅ ጀምሮ ነበር።